የአቶ ሙሉሐብት ሁለት ሥሮች

አቶ ሙሉሐብት ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ደብረ ታቦር በሚገኘው ቤታቸው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። አፋቸው ቆሎ ሞልቶ ነበር። ያገኘቻቸው ከገሳይ በሚኒባስ የመጣችው ልጃቸው ትዝታ ናት። ጎረቤቱ ተሰብስቦ «ቆሎ አንቋቸው ነው» ሲል ተስማማ። ጎረቤት እንዲህ በፍጥነት ሲስማማ ኢንስፔክተር ውዴ ደስ አይላትም።

የሬሳ ምርመራው ውጤት በዚያው ቀን ደረሰ። ቆሎው ከምላስ አላለፈም፤ ጉሮሮው ባዶ ነው፤ ከንፈራቸው በውስጥ በኩል በልዟል። ሟች የታፈኑት በትራስ ነው።

አለቃዋ ብዙ አላሰበም። «ቆሎውን ቆልታ ያመጣች እጮኛቸው ሠናይት ናት። የቤቱም ቁልፍ አላት። ይዣታለሁ፤ ሰኞ ከሰዓት ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ።»

«እስከዚያ ጊዜ አለኝ ማለት ነው» አለች ውዴ፤ ወጥታም የሟቹን የጥርስ ሐኪም ይርጋን አስጠራች።

ይርጋ ከሟቹ አፍ የወጣውን የታችኛውን ሰው ሠራሽ ጥርስ በጓንት ይዞ ገለበጠው፤ ፊቱ ጠቆረ።

«የኔ ሥራ ነው። ግን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?»

«ምኑ ተበላሸ?»

«የላይኞቹ ጥርሶች የራሳቸው ናቸው። ከታች የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። አልነቀልኳቸውም፤ አናታቸውን ቆርጬ ሥራቸውን አተረፍኩ። በየሥሩ ላይ እንደ ጃኬት ቁልፍ ያለች ብረት አለች። ሰው ሠራሹ ጥርስ ደግሞ ከታች በኩል ሁለት ጉድጓድ አለው። ሲጫኑት ጠቅ ብሎ ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ አጥንት ቢግጡበትም ንቅንቅ አይል። አሁን ግን ጉድጓዶቹን ማጣበቂያ ሞልቷቸዋል። ድዳቸው ላይ እንዲሁ ተቀምጦ ነበር እንጂ አልተገጠመም።»

«ማጣበቂያውን አንተ አልሰጠሃቸውም?»

«ለምን ብዬ? ሥሮቹ ይይዙት የለ! እኔ ያዘዝኳቸው ጠዋት ከቁርስ በኋላ አውልቀው ሥሮቹን እንዲቦርሹ፣ ድዳቸውንም አንድ ሰዓት እንዲያሳርፉ ነው።»

ውዴ ከሟቹ ወንበር አጠገብ የነበረውን ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አስታወሰች።

ሠናይት ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመቷ። ጣቢያ ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«ቆሎውን አርብ ዕለት ወስጄላቸዋለሁ። ሐኪም ዘንድ የወሰድኳቸውም እኔ ነኝ። ጠቅ ሲያደርጉት ከመንገድ ይሰማ ነበር፤ እንደ ሕፃን ይደሰቱበታል።»

«ሌላ የሚፈልግሽ ሰው ነበር?»

«ጓደኛቸው ጋሽ ባንተአምላክ አራት ዓመት ሙሉ እኔ ዘንድ እያመጡ ሱሪ ያሳጥራሉ። ማሳጠር የማያስፈልገውን ሁሉ። ሌላ የተናገሩት ነገር ግን የለም።»

ትዝታ ግን የምትለው አላጣችም።

«የእናቴን ፎቶ አስወርዳ የራሷን ልታሰቅል ነበር! ሽማግሌ ሰውዬ፣ በዚያ ዕድሜ፣ ለሷ ሲሉ ጥርስ!»

«ጥርሱ እንዴት እንደሚይዝ ታውቂያለሽ?»

«ማን የማያውቅ አለ? ለሰፈሩ ሁሉ እያወለቁ ሲያሳዩ በኀፍረት አልቄያለሁ። ለጋሽ ባንተአምላክ ብቻ ነው ያልነገሩት። ‹እሱ ይቅና!› ይሉ ነበር።»

ጋሽ ባንተአምላክ ከሟቹ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ናቸው። እሑድ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ካልሲያቸው ግን ከላይ እስከ ታች ይታያል።

«ቆሎ አይዘግኑም?» አለቻቸው ውዴ አጠገባቸው ቁጭ ብላ።

«በጓደኛዬ ሐዘን ቆሎ አይወርድልኝም፣ ልጄ።»

ንፍሮው ግን ሁለት ሳሕን ወርዶላቸዋል። ዳቦውንም በጣታቸው እየቆረሱ፣ ሻይ ውስጥ እየነከሩ ነበር የሚበሉት።

«ቅዳሜ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ቤቴ ገባሁ።»

«የአቶ ሙሉሐብትን አዲስ ጥርስ አይተውታል?»

«ማን ያላየ! ባስገጠመ በወሩ ነው ለሠናይት ሽማግሌ የላከው። በጥርስ ነው ያጫት ማለት ይቻላል።»

«በምን እንደሚያጣብቁት ነግረውዎታል?»

«ብጠይቀው ይስቃል። ምን ምስጢር አለው? ሁሉም የሚይዘው በአንድ ነገር ነው።»

ውዴ አመስግና ተነሳች።

ሰኞ አምስት ሰዓት ላይ አራቱንም በሟቹ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሠናይት ከፖሊስ ጋር መጣች፤ ትዝታ ፊቷን አዞረችባት። ውዴ አንድ ሳሕን ቆሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ገዳዩ ሲገባ አቶ ሙሉሐብት ጥርሳቸውን ውሃ ውስጥ አድርገው ድዳቸውን ያሳርፉ ነበር። በትራስ አፈናቸው። ከዚያ ቆሎውን አየና አንቋቸው እንዲመስል ፈለገ። የታች ጥርስ የሌለው ሰው ደግሞ ቆሎ አይበላም። ስለዚህ መጀመሪያ ጥርሱን ማስገባት ነበረበት።»

«እሷም ልታስገባው ትችላለች!» አለች ትዝታ።

«ትችላለች። አንቺም ትችያለሽ። ዶክተር ይርጋም ይችላል። ግን ሦስታችሁም ጠቅ እንደሚል ታውቃላችሁ፤ ትጫኑት ነበር። ገዳዩ ማጣበቂያ ቀባው። ሰው ገድሎ ማጣበቂያ የሚቀባ ሰው አስቦበት አይደለም፤ እጁ ለምዶት ነው። በየማለዳው ለራሱ የሚያደርገው ነገር ነው። ማጣበቂያውም ከኪሱ አይለይም።» ሳሕኑን ገፋ አደረገችው። «እስቲ ሁላችንም አንዳንድ ፍሬ እንቆርጥም።»

ሠናይት ቆረጠመች። ይርጋ ቆረጠመ። ትዝታም እያለቀሰች ቆረጠመች። ጋሽ ባንተአምላክ ፍሬዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀሩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ» አለች ውዴ። ፖሊሱ እጁን ወደ ጃኬታቸው ኪስ ሰደደና ግማሹ የተጨመቀ የማጣበቂያ ቱቦ አወጣ።

«ከሟቹ ጥርስ የተጠረገው ማጣበቂያ ከዚህ ጋር ይነጻጸራል።»

«አያስፈልግም» አሉ ሽማግሌው። «ባሕር ዳር ካስገጠምኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ማንም አያውቅም። ቅዳሜ እንኳን ደስ ያለህ ልለው ነው የሄድኩት። ‹አንተም እንደኔ ብታስገጥም ታገባ ነበር› አለኝና ሳቀ። ባዶ ድዱን ከፍቶ፣ ምንም ሳያፍር! ዝም ላሰኘው ብዬ ነው ትራሱን ያነሳሁት።»

ወደ ሠናይት ዞሩ።

«አራት ዓመት ያልጠየቅሁሽ ጥርስ የለኝም ብዬ ነው።»



«አቶ ሙሉሐብት ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ራሳቸው ሲጠይቁኝ ከታች ሁለት ጥርስ ብቻ ነበር የቀራቸው» አለች ሠናይት። «እሱንም እየሳቁ ነው ያሳዩኝ።»