ከአልጋው ሥር ያለው እንስራ

«ይኸው ደግሞ አንዷ!» የሺዓለም የገዛ ጉንጯን በጥፊ አጮለችውና መዳፏን ገልብጣ አየች። ባዶ ነው። አምስት ዓመቷ ነው፤ ግራ ዓይኗ በቢምቢ ንክሻ አብጦ ተከድኗል።

«ነይ፣ እንውጣ፤ እማዬ ልታጥን ነው» አለችና ሰርክአዲስ ታናሽ እህቷን አቅፋ ወደ ግቢው ወጣች።

እናታቸው ሙሉነሽ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቀበሪቾ በገል ፍም ላይ ጨምራ በሩን ዘጋችው። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል በየቀኑ እንዲሁ ነው። ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ያስላል፤ ተመልሰው ሲገቡ ግን ቢምቢዎቹ እንደ ቤተኛ ቁጭ ብለው ይጠብቋቸዋል።

ጎረቤታቸው አቶ ተክላይ ከሚሰፉት ኮርቻ ቀና አሉ። «ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ቢምቢውን ነው ወይስ እኛን ነው ከአራዳ የሚያስወጡት?»

«እርስዎንስ ጭስም አያስወጣዎት!» አለች ሙሉነሽ፣ እያሳለችም እየሳቀችም።

ይህ የሆነው ዛሬ ፒያሳ የምትሉት ሰፈር ገና አራዳ ብቻ በሚባልበት ዘመን ነው፣ ልጆቼ። ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ ሦስት ጎጆና አንድ ቆርቆሮ ቤት ባሉበት ግቢ ውስጥ። ቆርቆሮው የአቶ ተክላይ ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል ቀይ ቀለም አስቀቡት፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ዝናብ ደረሰበትና ይላላጥ ጀመር። ግቢው ሁሉ ሲስቅበት ከረመ።

በማግስቱ ጠዋት እናቷ የሺዓለምን ይዛ ገበያ ሄደች። ሰርክአዲስ ቤቱን ልትጠርግ ጎንበስ ስትል፣ ከአልጋው ሥር ካለው እንስራ፣ ከስፌት ክዳኑ ጎን፣ ሁለት ቢምቢዎች ብቅ ሲሉ አየች። እንስራው ውስጥ ያለው የእናቷ ጠበል ነው። እየጎተተች በሩ ጋ ወደ ብርሃን አመጣችውና ክዳኑን አነሳች።

ውሃው ውስጥ እንደ ክር ቁራጭ ያሉ ጥቃቅን ትሎች ይርመሰመሳሉ። እያየቻቸው አንዱ ከላይ ተንሳፈፈ፤ ጀርባው ተሰነጠቀ፤ ከውስጡ ቀጭን እግርና ክንፍ ወጣ። ቢምቢ ሆኖ በገዛ ቅርፊቱ ላይ ቆመ።

«እኛ በሩን ዘግተን እናጥናለን፤ እነሱ ከአልጋችን ሥር ይፈለፈላሉ!» አለች ለራሷ።

ከዚያ ሌላ ነገር አየች። የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቀይ ነገር በእንስራው አንገት ላይ ተለጥፋለች። በጣቷ አነሳቻት። ቀለም ናት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር እናቷ «ጉልበቴ እምቢ አለኝ እንጂ ራሴ እወጣ ነበር» ብላ ከእንጦጦ ጠበል እንድታመጣላት የላከቻት። ያን ቀን ጃንሜዳ ጉግስ ነበረ። የአቶ ተክላይ ልጅ ለተሚካኤል፣ ምስጢሯን ሁሉ የምታውቅ ጓደኛዋ፣ «አንቺ ጉግስሽን እይ፤ እኔ እወጣልሻለሁ። እህትሽ አይደለሁ?» አለቻት። ሰርክአዲስ ለመንገድ የተያዘላትን ዳቦ ቆሎ ሳይቀር ሰጥታት ሄደች። አመሻሽ ላይ በጊዮርጊስ አጥር ሥር እንስራውን ተቀብላ፣ የጃንሜዳን አቧራ የእንጦጦ አስመስላ ቤቷ ገባች።

እናቷ እንስራውን ሳመች። ከዚያም በዚያ በማይታጠፍ ጉልበቷ ተንበርክካ፣ ከሩቅ ለመጣ እንግዳ እንደሚደረገው፣ የልጇን እግር በሞቀ ውሃ አጠበች። «እኔን ይድከመኝ» እያለች።

ሰርክአዲስ የቀለሟን ቅርፊት በጣቷ ጫፍ እንደያዘች ግቢውን አቋርጣ ሄደች። ለተሚካኤል ከቆርቆሮው አሸንዳ ሥር ካለው በርሜል ውሃ ትቀዳለች። በርሜሉ ውስጥ እነዚያው ትሎች፣ እነዚያው ቀይ ቅርፊቶች ነበሩ።

«ለተ፣ ያን ቀን እንጦጦ ወጥተሽ ነበር?»

«ወጥቼ ነበራ! እግሬን እስካሁን ያመኛል።»

ጣቷን ዘረጋችላት። ለተሚካኤል ቅርፊቷን አየች፤ ከዚያ ሳቀች። «ወይ አንቺ! በዚያ ፀሐይ ማን ይወጣል? ደግሞ ውሃ ውሃ ነው። እናትሽም ጉልበቴን ተሻለኝ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እየጸለየች ነው የምታሽበት፣ ለተ።»

«እሺ፣ የአራዳ ልጅ አይደለሽ? ከአጥሩ ጀርባ ድፊውና ከምንጭ ሙዪው። ቢምቢውም ይጠፋል፣ ነገሩም ያልቃል።»

«ብነግራትስ?»

የለተሚካኤል ሳቅ ቆመ። «ንገሪያታ! እኔም ጉግስ ላይ ማን ሲያጨበጭብ እንደዋለ እነግራቸዋለሁ። ለምና ላከችኝ እላለሁ። ማንን የሚያምኑ ይመስልሻል?»

«እህትሽ አይደለሁ?» ያለችው ይቺው አፍ ናት። የሚገርመው፣ ሰርክአዲስን ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባት ዳቦ ቆሎው ነበር። ለተ እዚሁ በርሜሉ ሥር ቁጭ ብላ፣ እግሯን ዘርግታ ስትቆረጥመው ታያት።

ተመልሳ እንስራውን በሁለት እጇ አቀፈችው። ከአጥሩ ጀርባ ሳማ እንጂ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ብታዘነብለው በቃ። ሁለት እርምጃ ሄደች።

«ሰርኬ!» እናቷ የሺዓለምን እየጎተተች በግቢው በር ገባች። «ጠበሉን አወጣሽው? ደግ አደረግሽ። እስቲ በጣሳ ቅጂልኝ፤ የዚችን ልጅ ዓይን ላጥብላት።»

«እማዬ… ሰንብቷል። ብንደፋውስ?»

«ምን አልሽ? ጠበል ይደፋል እንዴ? እግር ሊረግጠው!»

የሺዓለም ያበጠ ዓይኗን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ሌላኛውንም ጨፍና መጠበቅ ጀመረች። ሰርክአዲስ እንስራውን መሬት ላይ አስቀምጣ ጣሳውን አነሳች። ማዶ፣ በርሜሉ አጠገብ፣ ለተሚካኤል ቆማ ወደ አጥሩ በአገጯ ትጠቁማታለች።

ሰርክአዲስ ጣሳውን መልሳ አስቀመጠችው። ከቤት በርጩማ አወጣች፤ ጠዋት ከምንጭ ከቀዳችው ውሃ በገበቴ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ።» ተንበረከከችና የእናቷን እግር ያዘች።

«ምን ነካሽ ልጄ? እኔ እኮ የመጣሁት ከገበያ ነው፤ ከሩቅ አገር አይደለም» አለች እናቷ እየሳቀች።

ሰርክአዲስ ውሃውን በእፍኟ አፈሰሰችላት። ቀና ብላ ወደ በርሜሉ አላየችም።

«እማዬ፣ ያን ቀን ያጠብሽው እግር እንጦጦ አልወጣም።»

የእናቷ እግር በእጇ ውስጥ ደረቅ አለ። ሰርክአዲስ አልለቀቀችውም።