ከበረዶው የወጣችው ብልቃጥ

«መጣሽ? እኔማ መንገድ ላይ ቀልጠሽ የቀረሽ መስሎኝ ነበር» አሉ የላቦራቶሪዋ ሴትዮ፣ በረዶ የሞላውን ኩባያ እየተቀበሏት።

ልጅቷ አልሳቀችም። የአባቷ ደም ያለባት ብልቃጥ በረዶው መሀል ቀጥ ብላ ቆማለች። ለሚያያት፣ ነርሷ ከሰጠቻት ጀምሮ ንቅንቅ ያላለች ትመስላለች።

ሴትዮዋ ከደሙ ጥቂት ጠብታ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አድርገው ከደኑት። ከክዳኑ ሥር ነጭ ዱቄት የተቀባ ወረቀት ተለጥፏል። ዱቄቱ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ግን በዓይን አይታዩም። ከደሙ የሚወጣው አሞንያ እዚያ ሲገባ ዱቄቱ ያበራል።

አሞንያ ምን እንደሚያደርግ ለልጅቷ ነጋሪ አያሻትም። ጉበት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀምና ሰውን ያደናግራል። ባለፈው ሳምንት አባቷ ትክ ብሎ አይቷት፣ «የማን ልጅ ነሽ?» ብሏት ነበር። ቤት ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም።

ሴትዮዋ ዕቃውን ጥቁር ሳጥን ውስጥ ከተው፣ የውስጡን መብራት አብርተው በሳጥኑ ቀዳዳ አጮለቁ። «ነይ እስቲ እይ።»

ወረቀቱ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ ብሏል።

«ይሄ ብዙ ነው የኔ ልጅ። ዛሬውኑ እዚሁ ሆስፒታል ይተኛል፤ መድኃኒቱም ይጨመርለታል።» እስክሪብቶ አነሱ።

ከተኛ ነርሶቹ ይጠብቁታል። እሷ ለነገው ፈተና ታጠናለች፣ እንደ ሰው ትተኛለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ባለፈው መድኃኒቱ ሲጨመር ግን አባቷ ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋ መነሳት አቅቶት ነበር።

«እትዬ፣ አይጻፉት» አለች። «ብልቃጧ በረዶ ውስጥ አልነበረችም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ በእጄ ይዣት ነበር። እዚህ በር ላይ ስደርስ ነው የመለስኳት።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ስንት ደቂቃ?»

«እንጃ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ተማሪዎች በደረጃው መስኮት ሥር አልፈው እስኪያልቁ።»

«ምነው፣ በረዶው እጅሽን አቃጠለሽ?»

«አይ።» መዳፏን አየች። «ብልቃጧ ትሞቅ ነበር። የአባዬን እጅ ነው የምትመስለው።»

ሴትዮዋ ብልቃጧን ከኩባያው አውጥተው ወደ ጎን አደረጓት። ከዚያ የጀመሩትን መስመር ሰረዙት።

«ደም ከበረዶ ውጭ ሲቆይ በራሱ አሞንያ ያበዛል» አሉ ዝግ ብለው። «የትኛው ያባትሽ፣ የትኛው የደረጃው እንደሆነ አሁን መለየት አልችልም። እንደገና ይቀዳ። ያው ሆኖ ሊገኝም ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል።»

«ገብቶኛል።»

ኩባያው ውስጥ ያለው ግማሹ ውሃ ሆኗል። ልጅቷ መታጠቢያው ላይ ደፋችውና መልሳ ዘረጋችው።

«በረዶ ይጨምሩልኝ።»

እስከ አፉ ሞሉላት። የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ስባ ኩባያውን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ደረጃው ሄደች።