ባዶዋ ካሜራ

ተጠጉ። ግድግዳው አይበላችሁም፤ እኔም አልበላችሁም። መብራቱ ከትናንት ጀምሮ የለም፣ ሻማውም አልቋል። ስልካችሁስ? ሞቷል? የሁላችሁም? ጥሩ። ቢያንስ ዛሬ እርስ በርስ ፎቶ እየተነሳሳችሁ አታሰለቹኝም።

በታሪኬ ውስጥ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ነው። የሌሊቱ እንዳይመስላችሁ፤ የቀኑ ነው። መናፍስት በጨለማ ብቻ ይወጣሉ ያላችሁ ማነው? በጨለማማ ሰው ሁሉ በሩን ይዘጋል፣ ማንን ያገኛሉ? ሰዓታቸው ቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም። ጥላህ እግርህ ሥር ገብታ ስትደበቅ። ወፉ ዝም ሲል፣ ከብቱ ዛፍ ሥር ሲተኛ፣ እናቶች "ወንዝ እንዳትወርዱ!" ብለው ልጆቻቸውን ሲጠሩ። በዚያ ሰዓት፣ ስሟን ከማልነግራችሁ መንደር በሚወጣ መንገድ ላይ፣ በደረቀ ወንዝ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። በዚያ ሐሩር ኮት ለብሷል። አንገቱ ላይ ሁለት ካሜራ አንጠልጥሏል።

ሁለት ለምን? ቆዩ።

ሰውየው አሰግድ ይባላል። ፎቶ አንሺ ነው። ድሮ ነው ይሄ፤ ፎቶ በፊልም በሚነሳበት ዘመን። በዚያ አካባቢ ከሱ በቀር ፎቶ አንሺ አልነበረም። አንድ ብቻ የሆነ ሰው ምን ይሆናል? ይጠግባል። አሰግድም ጠግቦ ነበር።

ፎቶ ቤቱ ገበያው ዳር ናት። አንዲት ክፍል። ግድግዳው ላይ ሐይቅና አውሮፕላን የተሳለበት ሸራ። አውሮፕላኑ አንድ ክንፍ የለውም፤ ሠዓሊው ቀለም አልቆበት ትቶት ሄደ። ምስማር ላይ አንድ ኮት፣ አንድ ክራቫት። የአገሩ ወንድ ሁሉ ፎቶ የተነሳው በዚያ ኮት ነው። ለቀጭኑ ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ይያዝለታል። ለወፍራሙ ሳይቆለፍ ይቀራል። ከፊት ሲታይ ሁሉም ሚኒስትር ነው። ከኋላ ሲታይ ሁሉም መርፌ ቁልፍ ነው። አሰግድ የሚያየው ኋላቸውን ነበር።

"አገጭ ወደ ላይ!" ይላል። "አትርገብገብ! ሰው ምሰል!"

ሰው ምሰል። ለሰው እንዲህ ይባላል? እሱ ይል ነበር። በሌንሱ ውስጥ የሚያየው ሕዝብ ለሱ ድንች ነው። የታጠበ ድንች፣ ያልታጠበ ድንች፣ ለሠርጉ ቅቤ የተቀባ ድንች። ጨለማ ክፍሉ ገብቶ ወረቀቱን ኬሚካሉ ውስጥ ሲነክር ፊቶቹ ቀስ ብለው ይመጣሉ። መጀመሪያ ጠቆር ያለው ነገር፣ ኮቱ፣ ጥለቱ። ቀጥሎ እጅ። መጨረሻ ላይ ፊት። ከምንም ውስጥ ሰው ብቅ ሲል ሌላው ቢሆን ያማትባል። አሰግድ ያዛጋል።

ሠርግ ላይ ደግሞ ንጉሥ ነው። ሙሽራው ከሱ ትእዛዝ ይቀበላል። ቄሱ እንኳ "አባ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ብርሃኑን ጋረዱት" ይባላሉ። ጮማው ለሱ ይቆረጣል። እና ሁለት ካሜራ ይዞ ይመጣል። በቀኙ ያለችው ፊልም አላት፤ ሙሽሮቹን፣ ሚዜዎቹን፣ ከከተማ በመኪና የመጡትን በሷ ያነሳል። በግራው ያለችው ፊልም የላትም። ፍላሽ ብቻ። "ባዶዋ" ይላታል። ለድሃ ዘመድ፣ ለሰካራም፣ ለአሮጊት፣ "እኔንም! እኔንም!" እያለ ለሚጋፋው ሁሉ ባዶዋን ይደቅናል። ብልጭ! ደስ ብሏቸው ይበተናሉ። በኋላ መጥተው ሲጠይቁት "ፊልሙ ተቃጠለ" ይላቸዋል። ፊልም ይቃጠላል። ማን ይከራከረዋል?

ብልጥ ነው፣ አይደል? አሁን በልባችሁ ብልጥ አላችሁት። አውቃችኋለሁ።

አንድ ጊዜ የእናንዬ ሠርግ ሆነ። እናንዬ እናቷ በወሊድ የሞተችባት ልጅ ናት። ያሳደገቻት እማማ ትርንጎ ናት። ዘመዷ እንኳ አልነበረችም፤ ጎረቤት ነበረች። አንድ ዓይኗ የጠፋ፣ ጥለቱ ጥቁር የሆነ አንድ ነጠላ ያላት አሮጊት። ሚዜው ሁሉ ተነስቶ፣ የከተማው እንግዳ ሁሉ ተነስቶ ካለቀ በኋላ ወደ አሰግድ ቀረበች።

"ልጄ፣ እኔንም ከልጄ ጋር አንሳኝ።"

"እማማ፣ ካሜራዬ ቢሰነጠቅብኝስ?" አለ ጮክ ብሎ።

ዳሱ በሙሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች።

"ይሰንጠቅ፣ እኔም ተሰነጣጥቄ ነው የኖርኩት። ይልቅ አንሳኝ። በዕድሜዬ ፎቶ ተነስቼ አላውቅም። የሞትኩ ቀን ይቺ ልጅ ምኔን ይዛ ታልቅስ?"

ገባችሁ የጠየቀችው? በዚያ አገር ለቅሶ ላይ የሟቹ ፎቶ ከፍ ተደርጎ ይያዛል። አልቃሿ በስሙ ትጠራዋለች፣ ሰው ፊቱን እያየ ደረቱን ይመታል። ፎቶ የሌለው ሟች ጠዋት ተቀብሮ ማታ የተረሳ ነው። አሮጊቷ የፈለገችው ይኼንን ነው። ፊት። አንዲት ፊት።

አሰግድ ባዶዋን አነሳ። ሙሽራዋ የእማማን ትከሻ አቀፈች። ብልጭ!

"ወጣሁ?" አለች እማማ ትርንጎ።

"እንደ ንግሥት!"

ወደ ሌላኛው ካሜራ ሲመለስ ሚዜውን ጠቀሰው። ሚዜውም ሳቀ። ሚዜ ምን ሥራ አለው?

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ፎቶ ቤቱ በር ላይ ትቆማለች። "ደረሰ?" "አልታጠበም።" "ደረሰ?" "አልደረቀም።" "ተቃጠለ" ማለቱን እንኳ ሰነፈ፤ በሩ ላይ ስትቆም ማየት ደስ ይለው ነበር መሰለኝ። አንድ የገበያ ቀን ቀረች። በሚቀጥለውም ቀረች። ሞታለች። እናንዬ ለቅሶው ላይ ነጠላዋን ብቻ ከፍ አድርጋ ይዛ አለቀሰች። ሰዉ ነጠላ እያየ ምን ያልቅስ? ቶሎ ቶሎ ብሎ ተበተነ።

አርባዋ ሲቃረብ እናንዬ ፎቶ ቤት መጣች።

"ጋሼ፣ የእማማን ፎቶ ይስጡኝ። ሠርጌ ላይ ያነሱንን። አርባዋ ደርሷል።"

"ነገ ነይ" አላት።

በማግስቱ ስትመጣ ምን ሰጣት መሰላችሁ? ቆሻሻ ቅርጫቱን አገላብጦ፣ ባለቤቷ ሳትወስደው የቀረ የአንዲት ሌላ አሮጊት ፎቶ አገኘ። አንዱን ዓይን በእርሳስ አጠፋው። ፍሬም ውስጥ አስገባው። አሮጊት አሮጊት ነው፤ ድንች ድንች ነው።

እናንዬ አየችው። ደግማ አየችው።

"ጋሼ... ይቺ እማማ አይደለችም።"

"ሰው ፎቶ ላይ ይለወጣል።"

"እኔስ? አቅፌያት ነበር እኮ። እጄ የታለ?"

"አንቺን ቆርጬሽ ነው። ለለቅሶ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ውሰጂ እንጂ!"

ወሰደች። ምን ታድርግ? እሱ ነው አዋቂው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእማማን ፊት ለማስታወስ ዓይኗን ስትጨፍን የማታውቃት አሮጊት ትመጣባት ጀመር። እዩት እንግዲህ። ለሞተችው ፊት ነፈጋት፤ ከቆመችው ደግሞ ሰረቃት።

የአርባው ቀን አሰግድ ሌላ ሠርግ ነበረው። ትልቅ ሠርግ፣ ከወንዙ ማዶ። ረፍዶበታል። የቀኟ ካሜራ ሙሉ ፊልም ጎርሳለች። የግራዋ እንደ ሁልጊዜው ባዶ ናት። የፎቶ ቤቱን ኮት ራሱ ለብሷል፣ ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ ተይዞ። ወንዙ አፋፍ ላይ ያለች ጠላ ሻጭ አየችው።

"ጋሼ አሰግድ! ቀትር ነው እኮ፣ ትንሽ ጥላ ሥር ይረፉ። ያ ወንዝ በዚህ ሰዓት ደግ አይደለም።"

"ጋኔኑ ፎቶ መነሳት ካማረው ኮት አለብሰዋለሁ!" ብሏት ወረደ።

ወረደ። አሸዋው ነጭ ነው። ድንጋዩ ነጭ ነው። ሰማዩም ነጭ ነው። ከኮረብታው ጀርባ የእናንዬ ለቅሶ ይሰማል፤ አልቃሿ "ትርንጎ! ትርንጎ!" ትላለች። አሰግድ ሰማ። "ድንቅ ነው" አለ በልቡ፣ "የማንን ፊት እያዩ ማንን ይጠራሉ!" ሳቀ። ብቻውን ሳቀ።

ከዚያ ለቅሶው ቆመ። ነፋሱ ቆመ። ፊት ለፊቱ፣ ነጩ አሸዋ ላይ፣ አንድ ጥቁር መስመር አየ። እባብ መሰለው። እባብ አይደለም። መስመሩ ከመሬት ከፍ ብሎ አየር ላይ ቆሟል።

የነጠላ ጥለት ነው።

ቆመ። ዓይኑን ጠረገ። ከጥለቱ ሥር ሁለት እግሮች መጡ። ቀስ ብለው፣ ከምንም ውስጥ። ጥላ ግን የላቸውም። ቀጥሎ እጆች መጡ። የተሰነጣጠቁ እጆች። አንድ ቦታ እንዲህ ሲመጣ አይቷል። የት ነው ያየው? ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ነዋ፣ ኬሚካሉ ውስጥ! አሁን ግን አላዛጋም። ፊቱ እስኪመጣ ጠበቀ።

ፊቱ አልመጣም።

ከነጠላው በላይ ነጭ ነው። እንዳልታጠበ ወረቀት። ከዚያ ነጭ ውስጥ ድምፅ ወጣ።

"ልጄ፣ እኔንም አንሳኝ።"

የማን ድምፅ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እሱም አወቀ። ላብ ኮቱን አለፈ። እጁ ወደ ካሜራው ሄደ። ወደ የትኛው?

እዚህ ላይ ስሙኝ። በቀኙ ሙሉ ፊልም አለ። ሙሉ! አንዲት ጊዜ ቢጫን ይበቃ ነበር። እጁ በቀኟ ላይ አርፎ ነበር እኮ። ታዲያ እየተንቀጠቀጠም፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨም ምን አሰበ? "ለዚች? ለሞተች አሮጊት ፊልም ላባክን? ሙት ምን ያውቃል?" አለ። ፍርሃት ያልነካው አንድ ነገር ነበረው። ንቀቱ።

ባዶዋን አነሳ። ብልጭ!

"ወጣሁ?"

"እ... እንደ ንግሥት።"

ከዚያ በነጩ ላይ መጀመሪያ አፍ መጣ። የሚስቅ አፍ። ቀጥሎ አንድ የጠፋ ዓይን። መጨረሻ ላይ የሚያየው ዓይን። እጆቿን ዘረጋች፤ ባዶዋ ካሜራ በነሱ ውስጥ ናት። መቼ ከአንገቱ ወሰደቻት? አላወቀም።

"አሁን አንተን ላንሳህ" አለች እማማ ትርንጎ። "አገጭህን ወደ ላይ። አትርገብገብ። ሰው ምሰል።"

ብልጭ!

ማታ ሊፈልጉት የሄዱ ሰዎች ኮቱን አሸዋው ላይ አገኙት። እንደተቆለፈ፣ ከጀርባው መርፌ ቁልፉ እንደተያዘ፣ ውስጡ ማንም የለም። ሁለቱ ካሜራዎች አጠገቡ ነበሩ። ዘመዶቹ ሊያለቅሱለት ፎቶ ሲፈልጉ፣ ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ የሰቀለው የራሱ ፎቶ ብቻ ተገኘ። ኮቱ አለ። ክራቫቱ አለ። ከክራቫቱ በላይ ነጭ ነው። ያንን ይዘው አለቀሱ። ሰዉ ቶሎ ቶሎ ብሎ ተበተነ።

እናንዬስ? በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ለቅሶው መካከል ድንገት ዝም አለች። ለዚህ ነበር አልቃሿም ዝም ያለችው። የያዘችው ፍሬም ውስጥ እማማ ትርንጎ ነበረች፤ በአንድ ዓይኗ እያየች፣ ትከሻዋ ላይ የአንዲት ሙሽራ እጅ። ከዚያ ተለቀሰ! እስኪመሽ ተለቀሰ።

አሰግድ ግን አላረፈም። ፊት የለውም፣ ፊት ይፈልጋል። ድሮ በቀትር ብቻ ነበር የሚወጣው፤ አሁን ግን የት ብዙ ፊት እንዳለ ተማረ። ሰው በተሰበሰበበት፣ መብራት በጠፋበት ቦታ ይገባል። "አንድ ላንሳችሁ?" ይላል በትሕትና። አገጩን ቀና ያደረገለትን ሰው ፊት ይወስዳል። ስለዚህ ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ። ማንም "ላንሳችሁ" ቢላችሁ...

ማነው እሱ?

ማነው ፍላሽ ያበራው? አንተ ነህ? አንቺ? ስልካችን ሁሉ ሞቷል አላላችሁኝም?

በሩ ጋ የቆመው ማነው?

አጎንብሱ! ፊታችሁን ሸፍኑ!