ያልተነበበው የኮሞሮስ ወረቀት

መስከረም ፪ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓመተ ምሕረት፣ ከዳላስ በስተ ሰሜን በምትገኘው በአዲሰን፣ ፀሐይ የመስተዋት ሕንጻዎቹን እንደ ብረት አግላቸው ነበር፤ የመኪና ማቆሚያው ሬንጅ ጫማ ይይዝ ነበር፤ ከመኪናው ወደ በር ከሚሮጥ ሰው በቀር በእግሩ የሚሄድ አይታይም። ከሕንጻዎቹ በአንዱ፣ ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱ ሰዎች የሚከተቡበት ትንሽ ክሊኒክ ነበረ፤ በዚያም ሃምሳ አለቃ መዝገቡ ይሠራ ነበር።

ሃምሳ አለቃ በጦር ሠራዊቱ ሕክምና ክፍል በድሬሰርነት አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ፣ መንግሥት ሲወድቅ በሱዳን በኩል የተሰደደ፣ አርባኛ ዓመቱን የያዘ ብቸኛ ሰው ነበር፤ ማዕረጉን በአሜሪካ የሚያውቅለት አልነበረም። ሥራው ስለየአገሩ በፋክስ የሚመጣውን የማስጠንቀቂያ ወረቀት ለመንገደኛው ጮክ ብሎ ማንበብና "ተነቦልኛል" ብሎ እንዲፈርም ማድረግ ነበር። ሽፍታ፣ ኮሌራ፣ ሐኪም የሌለበት ደሴት፤ ሁሉንም ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ ያነብ ነበር። ፈረንጆቹ አመስግነው ፈርመው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያናግረው አይኖርም።

በዚያ ቀን ግን ዙሌይካ መጣች። ዙሌይካ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ በፋርመርስ ብራንች በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ሁለቱ በየሳምንቱ እሑድ በሰፈሩ የልብስ ማጠቢያ ቤት ይገናኙ ነበርና፣ መዝገቡ በሳምንት አንዴ የሚሰማው ሳቅ የእርሷ ነበር። ነጋዴው አባቷ በኮሞሮስ ደሴቶች፣ በሞሮኒ ከተማ ታመው ተኝተዋል።

"ይቀመጡ" አላት።

"እኔን ነው 'ይቀመጡ'? አረጀሁ እንዴ፣ ሃምሳ አለቃ?" ብላ ሳቀች። "ሶ፣ ቶሎ በለኝ፤ ሺፍቴ ሊጀምር ነው።"

ክንዷን ወጋት፤ በሳምንት አንድ የሚዋጠውን የወባ እንክብል ሰጣት፤ ከዚያም ወረቀቱን አነሣ። "በደሴቶቹ ክፉ ወባ አለ፤ መፈንቅለ መንግሥት በተደጋጋሚ…"

"ተው!" አለች እጇን አንሥታ። "አባቴን ልጠይቅ ነው የምሄደው፤ አታሟርትብኝ! በመንገደኛ ፊት ክፉ እንደማይወራ እናትህ አልነገረችህም?"

እናቱስ ነግራው ነበር። ባደገበት አገር መንገደኛ ይመረቃል እንጂ በሽታና ጥይት አይጠራበትም፤ ለማያውቃቸው ፈረንጆች ያነበበውን ለእርሷ ማንበብ አፉ እምቢ አለው። ወረቀቱን ወደ ጠረጴዛው መለሰው።

"በይ፣ እግዚአብሔር ይምራሽ።"

"አሚን። የት ነው ሳይን የማደርገው?"

ባልተነበበላት ወረቀት ላይ ፈረመች፤ እርሱም አንባቢ ሆኖ ከሥር ስሙን ጻፈ። በመጨረሻው መስመር፣ መንገደኛው ከተመለሰ በኋላም እንክብሉን አራት ሳምንት መዋጥ እንዳለበት ተጽፎ ነበር።

በመስቀል ዕለት ቅጥረኛ ወታደሮች ከባሕር ወጥተው የኮሞሮስን መንግሥት ገለበጡ፤ መዝገቡም ዙሌይካ በተወችለት ቁጥር በስልክ ካርድ ወደ ሞሮኒ ደጋግሞ ሲደውል የሚመልስለት አጣ። ከስድስት ቀን በኋላ የፈረንሳይ ጦር ወደ ደሴቲቱ ገባ፤ ዙሌይካም ጥቅምት ፭ ቀን ተመለሰች። በቀጣዩ እሑድ በልብስ ማጠቢያው ቤት ተገናኙ፤ ከስታለች፣ ሳቋ ግን አልቀነሰም።

"ጥይቱ ሲበረታ አባባን ደግፈን የሙዝ ተክል ውስጥ ገባን፤ ሁለት ሌሊት እዚያው አደርን። ትንኙ አይጣል ነው!"

"እንክብሉስ?"

"የተረፈኝን ለጎረቤት ልጆች ሰጠኋቸዋ! ዳላስ ወባ የለ፤ ለኔ ምን ይሠራልኛል?"

ያን ጊዜ መናገር ነበረበት። ነገር ግን ይህን መናገር በመስከረም ዝም ማለቱን መናገር ነበር፤ ብቸኛ ወዳጁን የሚያጣ መሰለው። "እንኳን በደህና መጣሽ" አላትና ሸሚዙን ማጠፍ ያዘ። ከዚያ በኋላ፣ በሚመጣው እሑድ እነግራታለሁ እያለ ሦስት እሑድ አሳለፈ።

ኅዳር ፯ ቀን፣ ከዙሌይካ ጋር የምትኖረው ሳሮን ወደ ክሊኒኩ ደወለች። "ዙሌይካ ሆስፒታል ናት፤ ትቃዣለች። ኢንፍሉዌንዛ ነው ይላሉ። ወባ ቢሆንስ ብላቸው ወደናንተ ኮል አደረጉ፤ ማለቴ… ሁሉ ተነግሯት ፈርማለች ተባሉ።"

መዝገቡ ነጭ ጋውኑን እንደ ለበሰ ሄደ። ሐኪሙ በኮሪደሩ፣ ክሊኒኩ በፋክስ የላከለትን ዙሌይካ የፈረመችበትን ወረቀት ይዞ ቆሞ ነበር።

"እንክብሉን እስከ መጨረሻው እንድትውጥ ተነቦላታል፤ ስለዚህ ወባ አይመስለኝም። ከሥር ያለው ስም የእርስዎ ነው?"

"የእኔ ነው፤ ግን አላነበብኩላትም" አለ መዝገቡ። "እንክብሉን አቁማለች፤ ማቆሟንም ካወቅሁ ወር ሊሞላ ነው፤ ዝም ብያለሁ። እባክዎን ደሟን ይመርምሩ።"

ሐኪሙ ነርሷን ጠራ። ከሰዓት በኋላ በደሟ ውስጥ ወባው ተገኘ፤ መድኃኒቱም በደም ሥሯ ይገባ ጀመር።

በማግስቱ ክሊኒኩ አሰናበተው፤ አልተከራከረም። ሳምንት ቆይቶ ሊጠይቃት ሲገባ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ አገኛት።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለችው።

"ሟርት እንዳይሆንብሽ ብዬ ነው።"

"እሱንስ ዝም ያሰኘሁህ እኔው ነኝ። ከመጣሁ በኋላስ?"

መዝገቡ የአንሶላውን ጫፍ ማጠፍ ያዘ። ዙሌይካ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

"ኦኬ" አለች ዝግ ብላ። "በደህና ግባ፣ መዝገቡ።" ሃምሳ አለቃ አላለችውም።

በጥር ወር በዳላስ ሌላኛው ዳር ወደምትገኘው ወደ ሮውሌት ቤት ቀየረች።

የዚያ መስከረም ነገር በመጻሕፍት ተጽፏል፤ ቅጥረኞቹ እንዴት እንደ ወረዱ፣ ማን እንደ ማረካቸው ይነበባል። ሙዝ ውስጥ ተደብቀው ስላደሩት የተጻፈው ጥቂት ነው፤ በትንኝ ስለታመሙት ከዚያም ያነሰ ነው። የሆስፒታሉ ሰነድ፣ በሽተኛዋ ወባ ተገኝቶባት ታክማ ዳነች ይላል፤ ይህም ልክ ነው። ሐኪሙ በማን ቃል ደሟን እንዳየ ግን የጻፈ የለም፤ ይህን የሚያስታውሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም በአንድ ከተማ ዳርና ዳር እየኖሩ ዳግመኛ አልተነጋገሩም።