ከዘፈኑ በኋላ የተቀዳው

ሐምራዊት ፍቅረማርያምን መጀመሪያ ያየችው አሜሪካ፣ ዱሉዝ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ አንድ የኮሪያዎች ገበያ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው፤ ሌባ ይሆን እንዴ እያለች ስትጠብቀው።

የመጣው ያገለገለ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ሊሸጥላት ነበር። ማይክን ከኮምፒዩተር ጋር የምታገናኝ፣ መጽሐፍ የምታክል ሳጥን ናት። ማስታወቂያውን ኢንተርኔት ላይ አየች፤ በእንግሊዝኛ ተጻጻፉ፣ በእንግሊዝኛ ዋጋ ተከራከሩ፣ በእንግሊዝኛ ተቀጣጠሩ። ከመኪናው ሲወርድ ግን አንገቱ ላይ ማተቡን አየችና ሳቋ መጣ።

«ሃበሻ ነህ እንዴ?»

«ያን ሁሉ ዋጋ ያስወረድሽኝ ሃበሻ ሆነሽ ነው?»

«ሃበሻ መሆንህን ባውቅ ገና አስወርድህ ነበር።»

ሳጥኗን ከመስጠቱ በፊት በሸሚዙ እጅጌ ጠረግ ጠረግ አደረጋት። ሁለት ጎልማሶች መኪና ማቆሚያ መሀል ቆመው ሳጥን ሲያዩ፣ አላፊ አግዳሚው ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ።

በማግስቱ በቁጣ ደወለችለት።

«ስማ፣ ሸውደኸኛል! አይሠራም።»

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም! እየጮህኩበት እኮ ነው።»

«ማይኩ ኮንደንሰር ነው?»

«ወፍራም ነው።»

ሳቁን እያፈነ መሆኑ በስልክም ታወቃት። «እሺ፣ አርባ ስምንት የሚል ቁልፍ አለልሽ፣ እሱን ተጫኚው። እንደዚህ ዓይነት ማይክ ከሳጥኗ ኤሌክትሪክ ካልደረሰው አይሰማም።»

ተጫነችው። ቀይ መብራት በራ፤ የገዛ ትንፋሿ ጆሮዋ ውስጥ ገባ።

«ይቅርታ» አለች።

«ለምኑ?»

«ሌባ ስላልኩህ።»

«አላልሽኝም እኮ።»

«በልቤ ብዬሃለሁ።»

ሐምራዊት የምትሠራው መጋዘን ውስጥ ነው፣ ዕቃ በማሸግ። የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ከኃይለመስቀል ጋር ነው። እናት አባታቸው ካረፉ ጀምሮ ያሳደጋት፣ አሜሪካም ያመጣት እሱ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ የተከበረ፣ ቁም ነገረኛ፣ ሳቅ ላይ ቆጠብ የሚል ሰው። ዘፈን አይወድም፤ አይከለክልምም። «በርሽን ዝጊ» ይላል፣ በቃ። እሷም ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር የተያያዘችው የልብስ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ትገባና ካፖርቶች መሀል ቆማ ትዘፍናለች። ካፖርት የክፍሉን ማስተጋባት ይውጣል ብሎ የመከራት ፍቅረማርያም ነው።

የእሱ ቤት ሌላ ከተማ፣ ስማይርና ነው። ሥራው መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ የደንበኛ መኪና እየተቀበሉ ማቆም፣ ሕይወቱ ግን ዜማ ነው። ሙዚቃውን ቀርጾ ይልክላታል፣ እሷ ትዘፍንበትና መልሳ ትልክለታለች። «ጥሬውን ላኪው» ብሏታል ገና ከመጀመሪያው። «አትቁረጪ፣ ኤዲት አታድርጊ። ሳሉም ይምጣ፣ እኔ እቆርጠዋለሁ።» ስለዚህ ከጀመረችበት እስካቆመችበት ያለውን ሁሉ፣ መልሳ ሳትሰማው፣ እንዳለ ትልክለት ነበር።

ሲደርሰው ይደውላል። መጀመሪያ ስለ ድምፁ ያወራሉ፣ ቀጥሎ ስለ ምሳ፣ ቀጥሎ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ስልኩን ግን የሚዘጋ የለም። ፍቅር የሚለውን ቃል ዘፈን ውስጥ ካልሆነ በቀር ማንኛቸውም አንስተውት አያውቁም።

አንድ ቀን ከሥራ ጓደኛዋ ከቲጂ ጋር ስማይርና ሄደች። ፍቅረማርያም አዲስ የገዛውን ኮንትሮለር ሊያሳያቸው ነው። ሰፋ ያለ ሰሌዳ ነው፤ ላዩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ፌደሮች ተደርድረዋል። አንዱ የእሷን ድምፅ፣ አንዱ ክራሩን፣ አንዱ ከበሮውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ዘፈኑን ሲከፍተው ፌደሮቹ ማንም ሳይነካቸው መንቀሳቀስ ጀመሩ።

«በስመአብ!» አለች ቲጂ፣ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ።

«ሞተር አላቸው» አለ ፍቅረማርያም። «ትናንት በጣቴ ያደረግኩትን ይዘውታል። ዛሬ ራሳቸው ይደግሙታል።»

ሐምራዊት የራሷን ድምፅ የያዘውን ፌደር አየችው። በየስንኙ መጨረሻ፣ ድምፅዋ ሊከስም ሲል፣ ቀስ ብሎ ከፍ ይልላታል። ይህን ያደረገው የእሱ ጣት መሆኑ ገባት። ተቀምጦ፣ የደከመችበትን ቦታ እየጠበቀ፣ እያንዳንዷን አንስቷታል። በዕድሜዋ ማንም እንዲህ ተጠንቅቆላት አያውቅም። ጣቷን ፌደሩ ላይ አሳረፈች። ገፋ ሊያደርጋት ሞከረና ቆመ።

«ስትነኪው ያውቃል» አለ። ዓይኑን ከጣቷ ላይ አላነሳም። «ይለቅልሻል።»

እጇን አላነሳችም። እሱም የራሱን አላቀረበም። ቲጂ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየችና «ኪችን ውስጥ ውሃ አለ?» ብላ ተነሳች፤ ብልህ ልጅ ናት። ግን ምን ዋጋ አለው፣ እስክትመለስ ድረስ ያወሩት ስለ ሞተር ነበር።

«ቆይ ግን፣ ምንድነው የምትጠብቁት?» አለቻት ቲጂ መኪና ውስጥ። «ግሪን ካርድ?»

ሐምራዊት እሱ እንዲጀምር እየጠበቀች ነበር፤ እሱ ደግሞ ምን እንደሚጠብቅ አታውቅም።

ነገር የተበላሸው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሐምራዊት የመጨረሻዋን ስንኝ እንደጨረሰች የበሩ ደወል ጮኸ። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ እየሮጠች ወጣች። ሪከርዱን አላቆመችውም።

የመጡት አቶ አለማየሁና አንድ ሌላ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። ኃይለመስቀል ለስላሳ ግዢ ብሎ ላካት። ስትመለስ እንግዶቹ ሊሄዱ ተነስተዋል፤ አቶ አለማየሁ ግንባሯን ስመው ወጡ። ሽማግሌዎቹ የመጡት እሷን ለአንድ ሰው ሊጠይቁ መሆኑን ወንድሟ ያነሳላት ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየው የጭነት መኪናዎች አሉት፣ ቤት ገዝቷል፣ ጾሙን ጸሎቱን ያውቃል።

«ምን ቀረው ትያለሽ?»

«እኔ» አለች ሐምራዊት። «አላገባውም፣ ጋሼ።»

ኃይለመስቀል ወደ እሷ ዞረ። «ሌላ ሰው አለ?»

አለ እንዳትል፣ ያ ሌላ ሰው አንዲት ቃል አልተናገረም። «የለም» አለች። ወንድሟ በማግስቱ ለሽማግሌዎቹ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ እሷን ግን ከእግዜር ሰላምታ በቀር አላናገራትም። እሷም ያን ዕለት «የለም» እንዳለች በንዴት ገብታ ሪከርዱን አቆመችና እንደተለመደው ጥሬውን ላከች።

ፍቅረማርያም አልደወለም። «ደርሷል፣ አመሰግናለሁ» የምትል መልእክት ብቻ መጣች። የሚቀጥለውም ዘፈን እንደዚያው፣ የሚቀጥለውም። ብትደውልለት ሥራ ላይ ነኝ ይላል። ብትቀልድ አይስቅም። አንዴ እንዲያውም «አመሰግናለሁ እህቴ» ብሎ ጻፈላት፤ ያቺ እህቴ እንዴት እንዳቃጠለቻት! መጋዘኑ ውስጥ ሳጥን ላይ ፕላስተር እየለጠፈች ስልኳን በየደቂቃው ታያለች። በስማይርና በኩል የሚያልፍ ሁሉ ያስቀናታል። ናፈቃት። ሰውየው በመኪና የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ተቀምጦ ናፈቃት፤ ከዚህ የባሰ ናፍቆት የለም፣ ሄደው የማይጨርሱት ነውና።

ከዚያ አንድ መልእክት መጣ፦ «ይህ የጀመርነው የመጨረሻችን ይሁን። ኮንትሮለሩን ልሸጠው ነው።»

የዚያን ዕለት ልብስ እያጠፈች፣ ፍቅረማርያም ገና ይስቅላት በነበረበት ጊዜ የዘፈነችውን ልስማ ብላ ያን የቅዳሜውን ፋይል ከፈተች። ዘፈኑ አለቀ። ልታጠፋው አልተነሳችም፤ እጇ ላይ አንሶላ ነበር። የገዛ እርምጃዋን ሰማች፣ የውጩን በር ሰማች። ከዚያ በዚያ እንደ ካርቶን በሳሳ ግድግዳ በኩል የአቶ አለማየሁ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«ልጅቷስ ትስማማለች?»

«እህቴ ከቃሌ አትወጣም» ይላል ኃይለመስቀል። «እሺ ብላለች በሉ። በዚሁ አልቋል።»

አንሶላው ከእጇ ወደቀ። ፍቅረማርያም የሰማው ይህን ነው። እሷ እምቢ ያለችው ደግሞ ሳሎኑ ጥግ፣ በለሆሳስ፣ ማይክ በማይደርስበት ቦታ ነበር። ግማሹን ብቻ ልካለት ኖሯል።

ደውላ አትነግረውም እንዴ ይላል ሰው። ምን ብላ? አላገባሁም ብላ? «ታዲያ እኔ ምን አገባኝ» ቢላትስ? ያልተነገረ ፍቅር ክፋቱ ይህ ነው፣ ማስተባበያ እንኳ አይመችም። ስለዚህ የምታውቀውን መንገድ ያዘች። የመጨረሻውን ዘፈን ዘፍና ስትጨርስ ሪከርዱን ሳታቆም ሁሉንም ነገረችው፤ ላከችውም። መልሱ «ደርሷል፣ አመሰግናለሁ» ነበር።

«መጨረሻውን ሰማኸው?» ብላ ጻፈች።

«የዘፈኑን? አዎ፣ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን መስማት ትቻለሁ፤ ሳልሰማው ነው የምቆርጠው።»

አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ተናደደች፤ ሐምራዊት ከተናደደች ደግሞ ደህና ሰው ናት። ተመልሳ ካፖርቶቿ መሀል ገባችና እንደገና ጀመረች። የመጀመሪያዋን ስንኝ በደንብ አድርጋ ዘፈነች፦

ቤትህ ቅርብ ነበረ፣ መንገዱም አይርቅ፣
እኔን ያራቀኝስ አለመጠየቅ።

ሁለተኛዋ ስንኝ መግባት ባለባት ቦታ ላይ፣ ክራሩ እየተመታ፣ መዝፈኗን ተወች።

«ፍቅረማርያም» አለች። «ያን ቀን ወንድሜ እሺ ብላለች ያለው ሳይጠይቀኝ ነው። ሲጠይቀኝ እምቢ አልኩ። ሌላ ሰው አለ ወይ አለኝ፤ የለም አልኩት። ዋሸሁት። አንተ አለህ። ይህን አትቁረጠው።»

ላከችው። መልስ አልመጣም። «ደርሷል» እንኳ አላለም። አንድ ቀን አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ኮንትሮለሩን ሸጦት ይሆን? ቁጥሯን አጥፍቶት ይሆን? ቲጂ የእንጀራ ፍርፍሯን እያካፈለቻት «ይደውላል» ትላለች፤ ግን እንደ በፊቱ አትቀልድም።

ፋይሉ የመጣው በምሳ እረፍት ነው። ሐምራዊት ቲጂን ጥላ መኪናዋ ውስጥ ገባች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ከፈተችው።

የመጀመሪያዋ ስንኝ እንዲህ አምራ አታውቅም። ከዚያ የእሷ ንግግር ሲመጣ ከበሮው ዝቅ አለ፣ ክራሩ ዝቅ አለ፣ ሁሉም ቀስ እያለ ከሥሯ ወጣላትና ድምፅዋ ብቻውን ቀረ። አልቆረጠውም። «ይህን አትቁረጠው» ካለችው ቀጥሎ ዝምታ ሆነ። ከዝምታው ውስጥ የወንድ ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ መናገር አልችልበትም» አለ። «የሰው ድምፅ ሳስተካክል የምውለው ለዚሁ ነው። ሐምራዊት፣ እወድሻለሁ። ያን የሰማሁ ቀን ለማልቀስ እንኳ እኔ ማን ነኝ ብዬ ተውኩት። ከፈቀድሽ ሽማግሌ እልካለሁ። ወንድምሽ ቢመልሳቸው ሦስቴም እልካለሁ፣ አራቴም። እሺ ካልሽ የቀረውን ስንኝ ዝፈኚና ላኪልኝ።»

ደወለችለት። ከወዲያ በኩል የመኪና ጥሩምባና የሰው ጫጫታ ነው፤ ሥራ ላይ ነው።

«አልዘፍንም» አለችው።

«ገባኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«ኧረ አልገባህም! መላላክ ሰልችቶኛል ነው የምልህ። ማታ ለጋሼ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፣ አንተ ሽማግሌህን ላክ። እሺ ብዬሃለሁ።»

አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ተቀብሎ እንዲያቆምለት በእንግሊዝኛ ሲጮህ ይሰማታል። ፍቅረማርያም ለሰውየው መልስ አልሰጠውም።

«አንዴ ድገሚልኝ» አላት።

«እሺ» አለች ሐምራዊት፣ በዝግታ፣ አንድም እንዳይጠፋበት። «እሺ፣ ፍቅረማርያም።»

ሰውየው ጥሩምባ ይነፋ ጀመር።