ባለመስመሩ ቆርቆሮ

«እስቲ ፈጠን አድርገሽ አዙሪው፤ ልየው» አለ አባቷ ወደ ቆርቆሮው ውስጥ አጎንብሶ።

ሚጢጢ በጣቷ ገፋችው። ባዶው የቀለም ቆርቆሮ አባቷ ከጋራዥ ባመጣላት አሮጌ ኩሽኔታ ላይ ያለ ድምፅ መዞር ጀመረ። ውስጡን ዙሪያውን ጥቁርና ነጭ የወረቀት መስመሮች ለጥፋበታለች። መሐሉ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ ብርጭቆ አለ፤ እሱ አይዞርም። ብርጭቆው ውስጥ አንዲት ዝንብ አለች።

መስመሮቹ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ዝንቧም ወደ ቀኝ ዞረች። ሚጢጢ ቆርቆሮውን ወደ ግራ መለሰችው፤ ዝንቧም ወደ ግራ።

«አየህ አባባ? ቆርቆሮው የዞረ አይመስላትም። ከዓይኗ ኋላ ያሉት ነርቮች ዙሪያዋ ያለው ሁሉ በአንዴ ሲያልፍ ካዩ ‹አንቺ ነሽ የዞርሽው› ይሏታል። እሷ ደግሞ አምናቸው ልትቃና ትዞራለች። ሞኝ!»

አባቷ እጁን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሰደደና ሳተው። እንደገና ሰደደና ሳተው። በሦስተኛው ያዘው፤ ግን ወደ ጎን ተንገዳግዶ ከነጠረጴዛው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ። ዝንቧ በርራ አምፖሉ ላይ አረፈች።

የአባቷ ፊት አመድ መስሏል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«አባባ! እማን ልጥራት?»

«ተይ! ምሳ ሳልበላ ስለዋልኩ ነው።»

ምሳ አብረው ነበር የበሉት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንደዚህ የሚያደርግህ?»

«ያ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ» አለ ቀስ ብሎ። «ጆሮዬ ጭው ይላል። ይተወኛል።» የእጇን አንጓ ያዛት። «ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። እሷ እንደሆነች ገና ሳልታመም ነው የምታስቀብረኝ። አባቴ ይሙት በይ።»

«አባባ…»

«በይ!»

«አባቴ ይሙት» አለች ሚጢጢ።

አባቷ የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ሹፌር ነው። እሷና ታናሽ ወንድሟን ጨምሮ ጠዋት አርባ ልጅ ይወስዳል፤ ከሰዓት አርባ ልጅ ይመልሳል።

ሰኞ ዕለት ሌላ ብርጭቆና ሌላ ዝንብ አድርጋ የወሰደችውን ቆርቆሮ የባዮሎጂ አስተማሪዋ እያዞረ ለክፍሉ ሲያሳይ ሚጢጢ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሰውስ እንደ ዝንቧ ይታለላል?»

«ሚጢጢ ራሷ ዝንብ ልትሆን ነው!» አለ ከኋላ በኩል አንዱ፤ ክፍሉ ሳቀ።

«አንተ ስታዛጋ ነው ዝንብ የሚገባብህ» አለው አስተማሪው። «አዎ፣ ሰውም ይታለላል። የቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ አጠገብሽ ያለው ሲነሳ የሄድሽው አንቺ አይመስልሽም? ግን ጆሯችን ውስጥ ሚዛን አለን። ‹ረጋ በል፣ አልተንቀሳቀስክም› ይለናል። ዝንብም ከክንፎቿ ኋላ የራሷ ሚዛን አላት።»

«የጆሮው ሚዛን ቢታመምስ?»

«ያኔማ ሰውየው ይበልጥ የሚያምነው ዓይኑን ነው። ዓይኑ ከተሳሳተ አብሮ ይሳሳታል።» አስተማሪው አያት። «ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲሁ ነው» አለች።

ከሰዓት በኋላ ሰርቪሱ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ሚጢጢ ከአባቷ ኋላ ተቀምጣ ነበር። ሌላ ቀን አይታው የማታውቀውን ነገር ያን ቀን አየች፤ የድልድዩ አጥር ቋሚ ብረቶች አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ ተቀብተዋል። ሰርቪሱ ሲፈጥን ብረቶቹ በመስኮቱ መሮጥ ጀመሩ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ።

የአባቷ አንገት ወደ አጥሩ ዘንበል አለ። እጆቹ አንገቱን ተከተሉት። መሪው ዞረ።

«አባባ!»

ጎማው የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ መታ። ሰርቪሱ ዘለለና ቆመ። ከአጥሩ ማዶ፣ ከታች፣ ድንጋይና ጥቂት ውሃ ይታያል። ትንንሾቹ ልጆች በደስታ ጮኹ።

«ድገመው! ድገመው!» አለ ወንድሟ ወንበሩን እየደበደበ።

«ጉድጓድ ነው» አለ አባቷ። ድምፁ ቀጥኗል።

ድልድዩ ላይ ጉድጓድ የለም።

ልጆቹ ሁሉ ወርደው፣ ወንድሟም ወደ ቤት ከሮጠ በኋላ፣ ሚጢጢ መቀመጫዋ ላይ ቀረች። አባቷ ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን እንደያዘ ነው።

«አባባ፣ አንተው ንገራት። ሐኪም ይይህ።»

«ሐኪሙ መጀመሪያ የሚለኝ ‹አትንዳ› ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ነኝ። ከዚህ ከወረድኩ ምን አውቃለሁ?»

«ልጆቹስ?»

«ቀስ ብዬ እነዳለሁ አልኩሽ።» ወደ እሷ ሳይዞር በመስተዋቱ አያት። «ምለሻል።»

እራት ላይ እናቷ ለምን እንደማትበላ ስትጠይቃት «አላሰኘኝም» አለች። አልጋዋ ላይ ሆና አሰበችው። ብትናገር፣ አባቷ ይሙት ብላ ምላለች። ባትናገር… ዓይኗን ጨፍና ብረቶቹን አየች። የመሐላውን ነገር ትፈራዋለች፤ ሕፃን ሆና አንዴ በውሸት ምላ ሌሊቱን ሙሉ የአባቷን ትንፋሽ ስታዳምጥ አድራለች። መሐላ ሰው ሲገድል ግን አይታ አታውቅም፤ መሪው ወደ አጥሩ ሲዞር አይታለች።

ጠዋት አባቷ ውጭ ሞተሩን እያሞቀ ነበር። እናቷ ተንበርክካ የወንድሟን ሹራብ ትቆልፋለች።

«ምነው፣ አንቺ አልተነሳሽም እንዴ? ሰርቪሱ ጥሎሽ ሊሄድ ነው» አለቻት። ቀና ብላ ስታያት እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ። «ምን ሆንሽ ልጄ?»

ሚጢጢ ወደ በሩ አየች።

«እማ፣ አባቴ ይሙት ብዬ ነበር» አለች። «ግን ልነግርሽ ነው።»

ውጭ ክላክሱ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ወንድሟ ወደ በሩ ሮጠ። ሚጢጢ ቦርሳውን ከኋላ ያዘችው። ጎተታት፣ ተቆጣ፣ በክርኑ መታት። አልለቀቀችውም።