ሣር የጎረሱ ቃጭሎች

የእረኛው የማኑሶስ ሬሳ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቤቱ ሲገባ፣ በዚያች የቀርጤስ ተራራ መንደር ገዳዩን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጎረቤቱ ዘካሪስ ነው። በግጦሽ ተጣልተዋል፤ በበግ ስርቆት ስሙ ይነሣል፤ እኩለ ቀን ላይ ሬሳውን አገኘሁ ብሎ መርዶ ያመጣውም እሱ ነው። እንዲህ ላለ ሰው ማን ይከራከርለታል? እጁ በካቴና ታስሮ የሟቹ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፤ ማታ ወደ እስር ቤት ይወርዳል።

መርማሪ ካሊሮይ ግን አልቸኮለችም። መጀመሪያ የሟቹን ሚስት ጋሪፋሊያን አነጋገረች። ጋሪፋሊያ አላለቀሰችም፤ የምትናገረው የሌላ ሰው ጉዳይ የሆነ ያህል ነበር። ባሏ በበጋ መንጋውን ሌሊት እያሰማራ፣ ጎህ ሲቀድ ጓሮ ያለው በረት ያስገባ ነበር።

«የሚቀሰቅሰኝ ቃጭሉ ነው» አለች። «ዛሬ ግን እስኪረፍድ ተኛሁ። ስነሣ በጎቹ በረት ናቸው፤ እሱ የለም። ቡና ቤት የሄደ መሰለኝ።»

ካሊሮይ ወደ በረቱ ሄደች። በጎቹ ድምፅ ሳያሰሙ ይተራመሳሉ፤ ቃጭሎቻቸው ሁሉ ሣር ጎርሰዋል። የማኑሶስ ታናሽ ወንድም ሲፊስ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ሣሩን ማን ጎሰጎሰው?»

«እኔ ነኛ። ወንድሜ ሞቶ ሊያቃጭሉ ኖሯል? እርስዎ የከተማ ሰው ነዎት፣ አይፈረድብዎትም። እኛ ዘንድ ባለቤቱ ሲሞት ቃጭሉ ዝም ይላል።»

«መቼ ጎሰጎስከው?»

«መቼ ሊሆን ነው? ዘካሪስ መርዶውን ሲያመጣ ነዋ።»

ካሊሮይ ጋሪፋሊያን፣ ሲፊስንና ዘካሪስን በረቱ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«በየማለዳው ጋሪፋሊያን የሚቀሰቅሳት ቃጭል ዛሬ አልቀሰቀሳትም» አለች። «በጎቹ ግን ገብተዋል። ስለዚህ ሲገቡ ቃጭሉ ታፍኖ ነበር። ሌባ ቢሆን ኖሮ አፍኖ ይነዳቸው ነበር እንጂ ቤታቸው አያደርሳቸውም። ሲፊስ ያፈንኩት እኔ ነኝ ብሏል። መርዶው የመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ እሱ ግን ጎህ ሳይቀድ ሐዘን ላይ ተቀምጧል። መሞቱን ማን ነገረው?»

ሲፊስ ለመካድ እንኳ አልሞከረም።

«ያባታችንን ቃጭሎች እሸጣለሁ አለኝ። አንዴ ገፋሁት። እሱ ወደቀ፤ በጎቹ ግን አብሯቸው ያለ ይመስል ያቃጭላሉ። ያንን መስማት አቃተኝ።»

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዛወረ። ዘካሪስ አንጓውን እያሸ ወደ ቤቱ ሄደ። ካሊሮይ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ አላላትም።

ጋሪፋሊያ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። አንዷን በግ እያየች፣

«እንደ ዛሬ ጠዋት ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም» አለች።